ከኋላህ ሰው አለ

ባለቤቴ ጀርባውን ለግድግዳ ሳይሰጥ ምግብ ቤት ተቀምጦ አያውቅም ነበር። ኦሎምፒያ አጠገብ አልፎ አልፎ የምንበላባት ቤት ነበረች፤ የጥጉ ወንበር ከተያዘ የፈለገ ቢርበን ተመልሰን እንወጣለን። ቤተ ክርስቲያንም ከሰው ሁሉ ኋላ ነው የሚቆመው። ሲያገባኝ ይህን ትሕትና መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ ነበር፣ ከኋላው ሰው ሲኖር አይወድም።

ምክንያቱን የነገረኝ አንዴ ብቻ ነው። በምሥራቁ ጦርነት ሰማይ ላይ ሳለ ጓደኛው በሬዲዮ «ከኋላህ ሰው አለ!» ብሎ ጮኸለት፤ አውሮፕላኑን ጠምዝዞ ተረፈ። ሌላ ቀን ደግሞ ያንኑ ጓደኛውን ጠላት ከኋላው ሲመጣበት ማንም አላየለትም። ይህን ነግሮኝ ሲያበቃ ተነስቶ በሩን ቆለፈ፤ ከዚያ ወዲያ አንስተነው አናውቅም።

ጦርነቱ ወደ ሰሜን ከዞረ በኋላ እኔ ቦሌ ከሚገኘው ኪራይ ቤታችን ሆኜ አውሮፕላን በሰማሁ ቁጥር ደጅ ወጥቼ ሰማይ ሰማዩን አይ ነበር። አየር ማረፊያው አጠገብ እየኖሩ አውሮፕላን መፍራት ምን ያህል እንደሚያደክም የደረሰበት ያውቀዋል። እንዲህ ባለው ጊዜ ነው አየር መንገዱ ከአየር ኃይል ጥቂት አብራሪዎች ሊወስድ ነው የተባለው። የባሌም ስም ከተዛወሩት መሐል ወጣ። ሥልጠናውን ካለፈ ረዳት አብራሪ ይሆናል፤ ከወደቀ ግን ወደ ክፍሉ ይመለሳል፣ ወደ ክፍሉ ማለት ደግሞ ወደ ሰሜን ማለት ነው።

አብረውን የሚኖሩት እናቱ ነገሩን ሲሰሙ ከፋቸው።

«ሻምበል የነበረው ልጄ ረዳት ሊሆን ነው? ትኬት ሊቆርጥ?»

ለእሳቸው ረዳት ማለት አውቶቡስ በር ላይ ሆኖ የሚጮኸው ነው።

«እማማ፣ ይሄኛው ረዳት እኮ ሰማይ ላይ ነው» አልኳቸው።

«ተንጠልጥሎ ነዋ!» አሉኝ።

እኔ ግን ረዳትም ይሁን ዘበኛ፣ ብቻ በሕይወት ቤቱ ይግባልኝ ብዬ ቆርጬ ነበር። እልኸኛ ነኝ። አባቴ «ይህች ልጅ ከበቅሎ ጋር ብትጣላ በቅሎዋ ናት የምትታረቃት» ይል ነበር።

አንድ ቀን ከልምምድ በረራ ፊቱ አመድ መስሎ ገባ። አሠልጣኙ ጠጉራቸው የሸበተ ካፒቴን ነበሩ። ዳኮታ በምትባለው አሮጌ አውሮፕላን ሊያርፉ ሲዞሩ፣ ባሌ እንደ ለመደው አጣድፎ ሲያጋድላት ጊዜ «ኧረ ቀስ በል፣ ከኋላህ ሰው አለ!» ይሉታል። ወንበሮቹ ባዶ ነበሩ፤ መንገደኛ እንዳለ ቁጠረው ማለታቸው ነው። የባሌ እጅ የሰማው ግን ሌላ ነው። ያቺን አሮጊት አውሮፕላን እንደ ተዋጊ ጠመዘዛት። ካፒቴኑ መሪውን ተቀብለው አሳረፉና ከወረዱ በኋላ ለብቻው ጠሩት።

«ልጄ፣ ጎበዝ አብራሪ ነህ። እዚያ ከኋላህ የነበረው ጠላት ነው። እዚህ ከኋላህ ያለው አደራ ነው። እስከ መጨረሻው ፈተና ይህ ካልገባህ እመልስሃለሁ» አሉት።

ይህን ሁሉ ከነገረኝ በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ «በቃ፣ ልብሴን አዘጋጂልኝ» አለኝ።

ደሜ ፈላ። «የምን ልብስ? እኔ ለሰሜን የማዘጋጀው ልብስ የለኝም!»

በማግሥቱ ጀመርን። ዘዴውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አስተማሪ ስለሆንኩ በመደጋገም አምናለሁ። ቁርስ ሲበላ ከኋላው እቆምና «ከኋላህ ሰው አለ» እላለሁ። እሱ ሳይዞር «አውቃለሁ» ማለት አለበት። የመጀመሪያ ቀን ሻዩን ሸሚዙ ላይ ደፋው። በሌላ ቀን ሲላጭ ያንኑ ስለው አገጩን ቆረጠ።

«ልትገይኝ ነው እንዴ?»

«እንድትኖር ነው። እንደገና!»

ማጅራቱ እንደ ገመድ ሲወጠር ከኋላ ሆኜ አየዋለሁ። ቃሉን ሳልጨርስ ይወጠራል። አንዳንዴ ያሳዝነኝና ትከሻውን ላቅፈው እጄን እዘረጋለሁ፤ ግን ካዘንኩለት እንደማጣው ስለማውቅ እጄን እሰበስባለሁ።

ቀጥሎ ቮልሳችን ተራ ደረሳት። ቤንዚን በኩፖን ስለነበር መኪናዋ የምትወጣው ቅዳሜ ሾላ ገበያ ለመሄድ ነው። የፊት ወንበሬን ትቼ ከኋላ ከእማማ ጎን ተቀመጥኩ። የሰፈሩ ሰው ባልና ሚስት ተጣሉ ብሎ ሳያወራ አልቀረም። እኔ ደግሞ በየመታጠፊያው «ከኋላህ ሰው አለ» እላለሁ፣ እሱም ጥርሱን ነክሶ «አውቃለሁ» ይላል።

አንድ ቅዳሜ ስንመለስ እማማ የገዙትን እንቁላል በዘንቢል ታቅፈው ነበር። መገናኛ ጋ ስንደርስ በግ መንገዱ ውስጥ ገባ፤ ባሌ መሪውን እንደ ለመደው ጠመዘዘው። በጉ ተረፈ፣ እንቁላሉ ግን አለቀ። እማማ የተንጠባጠበውን ቀሚሳቸውን ከፍ አድርገው ይዘው፣

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ አንተ ዘንድ በመኪናም አልሄደ! አንተ ልጅ፣ ከኋላህ ሰው አለ እኮ!» ብለው ጮኹ።

ባሌ መኪናዋን ዳር አቁሞ መሪው ላይ ተደፋ። የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ እየሳቀ ነበር። በዚያ ቃል ሲስቅ ያየሁት የዚያን ቀን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማጅራቱ ትንሽ ትንሽ እየላላ ሄደ፤ እኔም ልምምዱን ጨመርኩበት።

በዚህ መሐል ቀበሌ ሱቅ ስኳር ልወስድ ተሰልፌ ሳለ አንዲት ጎረቤታችን ከኋላዬ ሆና ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገረችኝ።

«ባልሽ ከኋላው ሰው ባይኖር ነው ከጦሩ እንዲህ የሚወጣው?»

ትልቅ ባለሥልጣን ዘመድ አለው ማለቷ ነው። ዞር ብዬ «አለው! ከኋላው ያለሁት እኔ ነኝ!» አልኳት። ሰልፈኛው ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። አንድ ልጇን ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውባት ሰሜን ነበር። ስኳሬን ይዤ ስወጣ የመለስኩላት መልስ ቆጨኝ፤ ግን ውሳኔዬን አልለወጠውም። ለልጇ ምንም ላደርግለት አልችልም፣ ባሌን ግን መያዝ እችላለሁ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

የፈተናው ዕለት ትምህርት ቤት አልሄድኩም። እማማ ከሥዕለ ማርያም ፊት፣ እኔ ደግሞ ግቢው በር ላይ ቆመን ዋልን። ለዚያ ቀን ብለን ቤንዚን የቆጠብንላት ቮልስ ከመንገዱ ስትታጠፍ ቀስ ብላ ታጠፈች። ማለፉን ያኔውኑ አወቅኩ። ወርዶ ቆቡን አውልቆ ራሴ ላይ አደረገልኝና «ካፒቴኑ ከኋላችን ወንበር ላይ ቡና አስቀምጠው ነበር፤ ጠብ አላለም አሉኝ» አለ። እማማ እልል አሉ። እልልታውን ሰምታ ያቺ ጎረቤታችን መጣች፤ «እንኳን ደስ ያለሽ» ብላ ሳመችኝ። አጥብቄ አቀፍኳት።

መንገደኛ ይዞ ወደ ባሕር ዳር ሲበር እኔና እማማ አብረነው ሄድን። እማማ አውሮፕላን ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነበር። ወንበራችን ከፊት ነው፤ የአብራሪዎቹ ክፍል በር ገና አልተዘጋም። በግራ ሽበታሙ ካፒቴን፣ በቀኝ ባሌ ተቀምጠዋል። ከኋላችን ሰው ሞልቷል፤ ሕፃን ያለቅሳል፣ አንዱ ሻንጣውን ይገፋል። የባሌ ማጅራት ከነጩ ኮሌታ በላይ ይታየኛል።

እማማ አንገታቸውን ወደ በሩ አስግገው፣ በሾላ ገበያ ድምፃቸው፣

«አንተ ልጅ! ከኋላህ ሰው አለ!» አሉ።

መንገደኛው ሳቀ። ካፒቴኑ እንኳ ዞር ብለው አዩን። ባሌ ግን አልዞረም። ማጅራቱም አልተወጠረም። «አውቃለሁ፣ እማዬ» አለ፤ በሩም ተዘጋ።

ያን ሁሉ ጊዜ እንዳይዞር ስታገለው የኖርኩ ሴት፣ የዚያን ዕለት ብቻ፣ አንዴ ዞር ብሎ ቢያየኝ ብዬ አለቀስኩ።