የእትዬ ውባንች ዓሣዎች ዘር ሲቆጠር

እትዬ ውባንች ባላቸውን ጥለው ከሽንፋ ወንዝ ዳር ሲመጡ ይዘው የወጡት አንድ ጀሪካን ዓሣ ነው። ሰው ትዳር ሲፈታ ላም ይካፈላል፤ እሳቸው ጣት የማታክል፣ ተጠብሳ ለድመት እንኳ የማትበቃ ዓሣ ተካፈሉ። የማያውቁት አገር ውሃ አስፈርቷቸው ነበር፤ ዓሣ የኖረበትን ውሃ ሰው ይጠጣዋል ባይ ናቸው። ይህን ያወቅኩት አብሬያቸው ወጥ ቤት ስለምሠራ ነው። ልጄን አዝዬ ሽንኩርት ስከትፍ የማይነግሩኝ ጉድ የለም። ባላቸው ከተነሳ «ዓሣዎቹ ይሻላሉ፤ ቢያንስ ዝም ይላሉ» ይላሉ።

የምንሠራበት የሰሊጥ እርሻ ከመተማ ወጣ ብሎ ነው። ወንዝ የለውም። የምንጠጣው በዶዘር ተቆፍሮ የዝናብ ውሃ ከሚጠራቀምበት ትልቅ ጉድጓድ፣ እኛ ሐፊር ከምንለው ነው። እርሻው ደግሞ የአረም መድኃኒት ይረጫል፤ ዝናብ አጥቦ ሐፊሩ ውስጥ ከከተተው መጀመሪያ የሚሞተው ዓሣ ነው። ስለዚህ ከደጋ የሚወርድ አጫጅ ከክፍያው በፊት የሚጠይቀው «ሐፊሩ ዓሣ አለው?» ብሎ ነው። ካለው ይሠራል፤ ከሌለው ጨርቁን ጠቅልሎ ወደ አብደራፊ የሚሄድ መኪና ይሳፈራል። እትዬ ውባንች ጀሪካናቸውን ከገለበጡበት ወዲህ የእኛ ሐፊር ዓሣ አጥቶ አያውቅም። አጫጆቹም የሚመጡት የባለቤቱን ሳይሆን የእትዬ ውባንችን ስም እየጠሩ ነው። ባለቤቱ ምላሳቸውን ችሎ የሚያኖራቸውም ለዚሁ ነው።

ስህተታቸው አንድ ናት። «በጀሪካን አመጣኋቸው» ማለት ቀለለባቸውና፣ «ከጓንግ ወንዝ በጎርፍ ራሳቸው መጡ፤ እግዜር የባረከው ውሃ ነው» እያሉ ለአጫጆች ሲያወሩ ኖሩ።

አምና ሮዳስ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ልጅ በየሐፊሩ እየዞረች የዓሣ ክንፍ ጫፍ በመቀስ ቆረጠች። ዓሣዎቹ ከየት ተነሥተው እዚህ እንደደረሱ ከዘራቸው ልታውቅ ነው። እትዬ ውባንች «ጥፍራቸውንም ከርክሚልኝ» ብለው ሳቁባት። ዘንድሮ በጥቅምት፣ ሰሊጡ ደርሶ ሊራገፍ ባለበት ሰሞን ውጤቱን ይዛ ተመለሰች። አጫጆቹ ምሳ ላይ ናቸው፤ እሷም ሁሉም በሚሰማበት ተናገረች።

«የእናንተ ዓሣዎች ከጓንግ አይደሉም። ዘራቸው የሽንፋ ነው። የሽንፋ ጎርፍ ደግሞ እዚህ አይደርስም፤ መሀል ላይ ከፍታ አለ። ሰው ነው ያመጣቸው።»

ከጎጃም የመጡት አጫጆች አለቃ ቢሆነኝ ጉርሻውን መሶቡ ላይ መለሰው።

«እትዬ፣ በጎርፍ መጡ አላሉንም?»

«ብያለሁ።»

«ማን አመጣቸው ታዲያ?»

«እኔ። በጀሪካን።»

«እንግዲያው ሲሞቱም በጀሪካን ይተካሉ። ማታ የሞተውን ለቅመው ጧት አዲስ ቢጨምሩ በምን እናውቃለን? አንዱ እርሻ ላይ እንዲህ አርገው መድኃኒት ሲያጠጡን ከርመዋል።»

እትዬ ውባንች አንገታቸውን ደፍተው ድስቱን ያማስሉ ጀመር። አጫጆቹ ማጭዳቸውን በጨርቅ መጠቅለል ጀመሩ። እነሱ ከሄዱ ሰሊጡ መሬት ላይ ይቀራል፤ እሳቸውም በማግስቱ ይባረራሉ። በዚህ ዕድሜ ማን ወጥ ሥሪልኝ ይላቸዋል?

እኔ ስለ ዘር የተማርኩት አሥረኛ ክፍል፣ ያውም በአተር ነው። ቢሆንም ልጄን ወደ ጎን አዞርኩና ሮዳስን ጠየቅኳት።

«እህቴ፣ እነዚህ ዓሣዎች እርስ በርስ ይዛመዳሉ?»

«በጣም እንጂ። ሁሉም ከጥቂት እናቶች የወረዱ ናቸው።»

«ከማን ጋር ይጋባሉ ታዲያ?» አለ ከአጫጆቹ አንዱ።

«እርስ በርስ ነዋ።»

«ሰባት ቤት ሳይቆጥሩ?»

«አንድ ቤትም አይቆጥሩም።»

ሁሉም ሳቀ፤ ቢሆነኝ ግን አልሳቀም። በአገሩ ጋብቻ ሲታሰብ ዘር ቁጠርልን የሚባለው እሱ ነው። ጣቱን ያጥፍ ጀመር።

«ቆይ። በየጊዜው እንግዳ ዓሣ ቢጨመርባቸው ኖሮስ?»

«ይታይ ነበር። የጎረቤታችሁ እርሻ ሐፊር እንደዚያ ነው፤ እንደ መናኸሪያ ከየወንዙ ያልመጣ የለም።»

ጎረቤት እርሻ ላይ ወንድም ያለው አጫጅ ሊያስጠነቅቀው ስልኩን አወጣ።

«እነዚህ ግን ከመጡ ወዲህ ባዳ አልገባባቸውም?» አለ ቢሆነኝ።

«ያየሁት የለም። አያቶቻቸው እዚሁ ወለዱ፤ ልጆቻቸውም እዚሁ።»

«እትዬ ከዚያው ከሽንፋ እየተመላለሱ ቢያመጡስ?»

«እንደዚያ ቢሆን ይህን ያህል አይቀራረቡም ነበር» አለች ሮዳስ።

ይኼኔ እትዬ ውባንች ከድስቱ ቀና አሉ። «ሽንፋ? ያ ሰውዬ እያለ? እንኳን ለዓሣ፣ ለቀብሩም አልሄድ።»

ቢሆነኝ «እንግዲያው ሞተው አልተተኩም» አለና የፕላስቲክ ጣሳውን የሐፊሩ ውሃ ካለበት በርሜል ሞልቶ ጠጣ። ሌሎቹ አፉን አፉን ያዩታል።

«ጭቃ ጭቃ ይላል» አለ።

«ምን ምን እንዲል ፈልገህ ነበር?» አሉት እትዬ ውባንች።

ቢሆነኝ ማጭዱን ከጨርቁ ፈታው። የተቀሩትም እያጉረመረሙ ፈቱ፤ ተያይዘው ወደ ሰሊጡ ወረዱ። ሮዳስ ወረቀቷን ሰብስባ ልትነሳ ስትል እትዬ ውባንች ክንዷን ያዙ።

«የከርሞውን ውጤት ምሳ ከተበላ በኋላ ተናገሪ እሺ፣ ልጄ? ወጡን አቀዘቀዝሽብኝ። በይ አሁን ቁጭ በይና ብዪ።»