የውሃ ተራችን በሦስት ስልክ

ይህ ነገር መጻፍ የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። አንድ ዝርዝር ጠፋ፤ ተገኘ፤ እንደገና ሊጠፋ ነበር። የማደሪያ ክፍል ጓደኞቼ አውርቼላቸው ስጨርስ «ከዚያስ?» ብለው ይጠብቁኛል። ከዚያማ ሽንኩርት ውሃ ጠጣ። ቢሆንም ያን ሰሞን በጣም ተጨንቄ ስለነበር እንዳልረሳው እጽፈዋለሁ።

አባቴ ከሸዋ ሮቢት ትንሽ ወጣ ባለው ሰፈራችን የውሃ አባት ነው። ከወንዙ በተጠለፈው ቦይ ሽንኩርትና ማሾ የሚያለማ ሁሉ በየትኛው ቀን እንደሚያጠጣ የሚይዘው እሱ ነው። ተራው ራሱ ከባድ አይደለም። ከባዱ ልውውጡ ነው፤ ሰርግ ያለበት፣ የታመመ ወይም መንገድ የሄደ ሰው ቀኑን ለሌላ ይሰጥና በሌላ ቀን ይቀበላል። በዚያ ሙቀት ተራው ያለፈው ማሳ ደግሞ በሁለት ቀን መልኩ ይለወጣል።

ዝርዝሩ ድሮ በደብተር ነበር። ደብተሩን ምስጥ ሲበላው፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ሁሉንም በአባቴ ስልክ፣ በአንድ የመልእክት መተግበሪያ ውስጥ ጻፍኩለትና ከእንግዲህ አይጠፋም አልኩት። አመነኝ። ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በሁለተኛው ወር ስልኩ ቦዩ ውስጥ ወደቀ። በአዲስ ስልክ ልንከፍተው ስንል መተግበሪያው የሚስጥር ኮዱን የሚልከው መጀመሪያ ወዳስመዘገብኩት ቁጥር ነው። አባቴ ያን ሲም ካርድ ለረጅም ጊዜ ስላልተጠቀመበት ቁጥሩ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ሳይነግረኝ ወደዚያ ቁጥር ደወለ፤ ያነሳችው ሴት ናት። ኮዱን እንድታነብለት ለምኗት «አባቴ፣ ለማንም እንዳትሰጪ ተብያለሁ። እርስዎም ለማንም እንዳይሰጡ» ብላ መከረችው። አልተቀየማትም። «ወላሂ ልጅቱ ልክ ናት» አለኝ በስልክ፤ «ጥፋቱ የእኛ ነው። የራሳችንን ነገር ሰው ቤት አስቀምጠን ቁልፉን ጣልን።»

ይህ አባባሉ ሲከነክነኝ ከረመ። ለሴሚስተር እረፍት ስመጣ ከኮምፒውተር ክፍል ተማሪዎች ጠይቄ የተማርኩትን ይዤ መጣሁ። ዝርዝሩ በየሰዉ ስልክ ውስጥ ራሱን ችሎ ይቀመጣል። ስልኮቹ ሲቀራረቡ ኢንተርኔት ሳይኖር ይገናኙና አዲስ የተጻፈውን ይለዋወጣሉ፤ ማስመዝገቢያ ቁጥር የለ፣ ኮድ የለ። አንዱ ቢጠፋ ሁለቱ አሉ። ሦስት ስልክ መረጥን፦ የአባቴን፣ የጎረቤታችንን የእትዬንና ከቦዩ ራስ ማሳ ያላቸውን የጋሼን። እትዬ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሽንኩርታቸውን ብቻቸውን የሚያለሙ፣ አንደበታቸው የማያርፍ ሴት ናቸው። የጠፋውን ዝርዝር መልሰን ለመጻፍ ሰዉ ሁሉ ሮቃው ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ቀኑን ሙሉ ተከራከረ። ማታ ላይ ተስማማን፤ እኔም በራሴ በጣም ተደሰትኩ።

በሁለተኛው ሳምንት መብራት ጠፋ። ሦስት ቀን ሆነው። አራተኛው ቀን አርብ ነበር፤ ጠዋት እትዬ አካፋቸውን ይዘው መጡ። የዕለቱ ተራ የጋሼ ነበር። ግን ጋሼ በልጃቸው ሰርግ ሳምንት የእትዬን ማክሰኞ ወስደው፣ በለውጡ ይህን አርብ ሊሰጡ ተስማምተው ነበር። ይህ የእትዬ ቃል ነው። ጋሼ ደግሞ የተስማማነው ለሚቀጥለው ዙር ነው አሉ። ሁለቱም አይዋሹም፤ ጋሼ የሰርጉን ሰሞን እንኳን ተራ፣ የራሳቸውንም ጫማ የት እንዳወለቁ አያስታውሱም። ሲስማሙ አባቴ አልነበረም፤ ልውውጡን ያወቀው ስልኩ ላይ አይቶ ነው፤ ቀኑን አልያዘውም። ውሃው የዐሥር ሰላት እንደተሰገደ ወደ ዕለቱ ባለተራ ይዞራል። የእትዬ ሽንኩርት ውሃ ካገኘ አሥራ አራት ቀን አልፎታል፤ ቅጠሉ ከጫፉ ቢጫ ሆኗል። ያ ቀን ካለፈው የሚቀጥለውን ዙር አይጠብቅም።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «እስቲ አውጪው» አለኝ።

ስልኩን ቻርጅ ቤት ሰጥቶታል። የእትዬስ? ቻርጅ ቤት። የጋሼስ? እሳቸውም ቻርጅ ቤት። መንገድ ዳር በሶላር የምትሠራ አንዲት ቆርቆሮ ቤት አለች፤ መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ በሙሉ ስልኩን እዚያ ያስቀምጣል። ሮጬ ሄድኩ፤ ተዘግታለች። ጎረቤቱ እንደነገረኝ ባለቤቱ አጎቱ ሞቶበት ሌሊት ካራቆሬ ሄዷል። ስልኮቹን በአንድ የብረት ሣጥን ቆልፎባቸዋል።

ስመለስ እትዬ ሰምተው ጠበቁኝ። «አንቺ ልጅ፣ ሦስት ቦታ አስቀመጥኩ ብለሽ ሦስቱንም አንድ አልጋ ላይ አስተኛሻቸው?» ሰዉ ሳቀ። ጋሼ እንኳ ሳቁ። እኔ ብቻ መሳቅ አቃተኝ።

ሚኒባስ ይዤ ሄድኩ። አጣዬን አልፈን ካራቆሬ ስንደርስ ለቅሶ ቤቱን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ ድንኳኑ ይታያል። ግን ለቅሶ ቤት ገብቶ ቁልፍ ስጠኝ አይባልም። ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ፤ ዱዓ ተደረገ፤ ምግብ ቀረበልኝ፤ ከማን ወገን እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ ከሸዋ ሮቢት ለዚህ ብዬ በመምጣቴ መረቁኝ። በምርቃቱ አፍሬ ጉዳዬን ለአንዲት እናት በጆሯቸው ነገርኳቸው። ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ሰውዬውን አስጠሩልኝ። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። «የሌላውንም ሰው ስልክ ስጪልኝ፤ ሲጨነቅ ውሏል» አለኝ እንጂ ቅሬታ አላሳየኝም።

ተመልሼ ሣጥኑን ስከፍት የዐሥር አዛን ይሰማ ነበር። የእትዬን ስልክ ይዤ ወደ ቦዩ ሮጥኩና ሁሉም ሰላቱን ጨርሶ ሲመጣ ዝርዝሩን ከፈትኩት። ልውውጡ ተጽፏል፤ ከጋሼ ስም አጠገብ የእትዬ ስም፣ ይኸው አርብ። ለጋሼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ አካፋቸውን አንስተው ወደ ራሳቸው ማሳ የሚገባውን መስመር በጭቃ ደፈኑና ውሃውን ወደ እትዬ ለቀቁት።

«ለልጅዎ ሰርግ ስል ይቅር ብያለሁ» አሉ እትዬ፤ «ለዚች ተማሪ ግን ገና አስብበታለሁ።»

በማግስቱ አሠራሩን ለወጥን። ሦስቱ ባለስልኮች አንድ ቻርጅ ቤት አይሄዱም፤ ጋሼ ስልካቸውን ከተማ፣ ከልጃቸው ባጃጅ ላይ ቻርጅ ያደርጋሉ። እትዬ ደግሞ ስልኩን እያዩ በየሳምንቱ በወረቀት ያስገለብጣሉ፤ ወረቀቱን የት እንደሚያስቀምጡ ለማንም አይናገሩም። እኔ ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ተራ የጠፋበት ሰው የለም። ክረምቱ ገብቶ ሰዉ ቦዩን ትቶ ወደ ሰማይ ማየት ሲጀምር የዚያ ዓመት ዙር አበቃ፤ ሰኔ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.።