ከሃያ ቦታ አንዷ

አንተነህ የእስቴ ልጅ ነው። ትምህርቱን ገፍቶ ገፍቶ የሚጥል በሽታን በአንጎል ምስል የሚያጠና የማስተርስ ተማሪ ሆነ። አገሬው ታዲያ «የኛ ዶክተር» እያለ ሳይመረቅ ሾሞታል። በሽታውን የመረጠውም ያለ ነገር አይደለም፤ ታላቅ እህቱ ባዩሽ ከልጅነቷ ጀምሮ ትወድቃለች። እሳት ላይ ወድቃ የተቃጠለ ክንዷን እያየ ነው ያደገው።

ሠላሳ ሕመምተኛና ሠላሳ ጤነኛ ሰብስቦ የአንጎላቸውን ምስል አስነሳ፤ ባዩሽም አንዷ ነበረች። ከዚያም አንጎል ውስጥ ሃያ ቦታ መርጦ፣ የታመሙትን ከጤነኞቹ ጋር በየቦታው አነጻጸረ። አሥራ ዘጠኙ ምንም አላሳዩም። አንዷ ግን ልዩነት አሳየች። እሰይ! ምነው ያን ጊዜ እጁ በተሳሰረ፤ ስልኩን ብድግ አድርጎ ባዩሽ ዘንድ ደወለ።

«እታለም፣ ቦታዋን አገኘኋት! ዓመት አይሞላም፣ ትድኛለሽ።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

በዚያው ሰሞን ክንዱ የሚባል ሚስቱ የሞተችበት ገበሬ ባዩሽን ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ሕመሟን ያውቃል፤ «ስትወድቅ አነሣታለሁ» ብሏል፣ ወንዱ! እሷ ግን የወንድሟን ቃል አምና፣ «ቤቱ ገብቼ ከምወድቅበት ድኜ ልግባለት፤ ለከርሞ ይምጡ» ብላ ሽማግሌዎቹን መለሰች።

አንተነህ የመመረቂያ ጽሑፉን ሲያቀርብ አማካሪው ዶክተር አዜብ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«ስንት ቦታ ፈትሸህ ነው ይቺን ያገኘሃት?»

«ሃያ።»

«ታዲያ ለሃያው የሚሆን እርማት የት አለ?»

ተምሮታል እኮ! ዓይኑን ጨፍኖ ሃያ ድንጋይ የወረወረ ሰው፣ አንዷ ወፍ ብትመታለት አነጣጣሪ አይባልም። ብዙ ቦታ የፈተሸ መመዘኛውንም በዚያው ልክ ማጥበቅ አለበት፤ አለዚያ ምንም በሌለበት አንዷ በአጋጣሚ ብቅ ትልበታለች። ይህን እያወቀ፣ ደስታው አስቸኩሎት ዘለለው። መመዘኛውን አጥብቆ እንደገና ሲያሰላ ያቺ ቦታ ከአሥራ ዘጠኙ ጋር ተቀላቅላ ቀረች።

ጽሑፉን በማግስቱ አረመ። ለባዩሽ መንገሩን ግን ዛሬ ነገ ሲል ስድስት ወር ፈጀ፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበው ይኼ ነው። ያኔውኑ ቢነግራት ሽማግሌዎቹን መልሳ ትጠራቸው ነበር። ጥር ሲገባ ክንዱ ወገዳ ከሚባል አገር ሌላ ሴት አገባ።

ለፋሲካ መካነ ኢየሱስ ከተማ ከአውቶቡስ ወርዶ በእግሩ ቤት ሲደርስ፣ ባዩሽን ገብስ ስታበጥር አገኛት። አጠገቧ ተቀምጦ ሁሉንም ነገራት፤ ሃያውንም፣ አንዷንም፣ ዝምታውንም። ሰፌዱን ጭኗ ላይ አሳርፋ ሰማችው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

«አንተስ የምትፈልግበት ሃያ ቦታ ነበረህ፣ ወንድም ዓለም» አለችው። «እኔን ብሎ ሽማግሌ የላከ ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር።»