ሰላም ነው፣ ሙዚቃ ነው

ይርጋን ሰው የሚያውቀው በድምፁ ነው። ከውርጌሳ እስከ ሐራ ድረስ ሬዲዮ ያለው ሁሉ የማዳበሪያውን ወሬ፣ የጠፋ በሬ አፋልጉኙን፣ የክትባት ዘመቻውን የሚሰማው ከእሱ አፍ ነው። መልኩን የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን። እኔ ወልድያ አንድ ግቢ ተከራይተን፣ ግድግዳ ተጋርተን ስለምንኖር አውቀዋለሁ፤ ቀጭን፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ለዚያ ድምፅ የማይመጥን ሰው ነው። አንዲት ተሳፋሪዬ መንገድ ላይ ባሳየኋት ጊዜ ይርጋ ወፍራም ነው ብላ ድርቅ አለችብኝ።

እኔ ፍቅሩ እባላለሁ። ከወልድያ መርሳ፣ ሲቀናኝም እስከ ውርጌሳ ሚኒባስ እነዳለሁ። ቀኑን ሙሉ ከይርጋ ድምፅ ጋር እውላለሁ፤ ስመለስ ደግሞ እሱ ራሱ ደጁ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

ይርጋ ወልድያ የመጣው ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣ በምደባ ነው። አገሩ ደብረ ማርቆስ ነው። ትንሽ ሠርቼ እሄዳለሁ ብሎ አንድ ፍራሽና አንድ ሻንጣ ይዞ ገባ። ፍራሹ አለቀ፤ እሱ አልሄደም። በየዓመቱ ዝውውር ይጠይቃል፤ በየዓመቱ የጣቢያው ኃላፊ አቶ ገዛኸኝ ሕዝቡ ድምፅህን ለምዶታል፣ በማን ልተካህ ይሉታል። እንደ ምስጋና የሚነገር እስራት ነው። እናቱ የሞቱ ጊዜ መንገድ ተዘግቶ ለቀብር አልደረሰም። በማግስቱ በዚያው ድምፁ የእህል ዋጋ አነበበ። ያን ቀን ሬዲዮውን ዘግቼ ነዳሁ፤ ልሰማው አልቻልኩም።

ባለፈው ደግሞ ዝውውሩ ሲከለከል ማባበያ የምትሆን አንድ ነገር ጠየቃቸው፦ ሐሙስ ከሰዓት ግማሽ ሰዓት ለጃዝ። ፈቀዱለት። አዲስ አበባ ሲማር በየሆቴሉ በር ቆሞ እየሰማ የተለከፈበት ነገር ነው።

እውነቱን ለመናገር እኔ ጃዝ አይገባኝም። ሰውዬው ጥሩምባውን ይዞ የጠፋበትን ዕቃ የሚፈልግ ይመስለኛል፤ አገኘው ስትል ይተወዋል። ተሳፋሪዎቼም ከእኔ አይሻሉም። አንዱ ዘፋኙ አርፍዶ ነው ወይ ይላል፤ ሌላው ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀመረው ይላል። ጣቢያው ድረስ ደውሎ፣ ነፊው እባካችሁ ትንሽ ይረፍ ያለ አዛኝም አለ። ይህን ሁሉ ስነግረው ይርጋ ይስቃል። አንድ ጊዜ ብቻ ሳይስቅ ቀረ። ከመርሳ ወደ ወልድያ ማንጎ የምታመላልስ ኑሪያ የምትባል ደንበኛ አለችኝ፤ እሷ ይቺ ዜማ ትዝታ ልትሆን ትነሳና ትተወዋለች አለች። ይህን ስነግረው ደግመህ ንገረኝ አለኝ።

አንዲት ረጅም የሳክስፎን ሙዚቃ ነበረችው። ጆሯቸው ይለመድ እያለ አጫጭሮቹን ያስቀድማል እንጂ እሷን አያወጣም። መጨረሻዋ ላይ፣ ሲቅበዘበዝ የቆየው ሰውዬ ቤቱ ይገባል ይለኛል። እስከዚያ ታግሶ የሰማ ሰው፣ እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ሆኜ እንደኖርኩ ይገባዋል ይለኛል። ታዲያ ስልክህ ላይ አለችህ፣ ቁጭ ብለህ አትሰማትም ወይ ብለው፣ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ብሎ ዘጋኝ።

አንድ ሐሙስ አወጣት። ይርጋ በሙዚቃ ላይ መናገርን እንደ ነውር ነው የሚያየው፤ መጀመሪያ ስሟን ይጠራል፣ ከዚያ ዝም ነው። የሞባይል ኔትወርክ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። እኔ ከመርሳ ሞልቼ ወጥቼ ሲሪንቃ ስደርስ ሬዲዮውን ከፈትኩ። ሙዚቃ ብቻ። ትንሽ ሄድን፤ አሁንም ሙዚቃ ብቻ። መኪናው ውስጥ ወሬ ቆመ።

የእኛን አገር ሬዲዮ ሲሰማ ያልኖረ ሰው ይህ አይገባውም። ሬዲዮ ቃል የሌለው ሙዚቃ ካበዛ ወይ ትልቅ ሰው ሞቷል ወይ መንግሥት ተለውጧል። አባቶቻችን እንደዚያ ሰምተዋል፣ እኛም ሰምተናል። በዚያ ላይ ጦርነት ደጃችን ድረስ መጥቶ የሄደብን ሰዎች ነን። ከኋላ የተቀመጡት ሼህ አብዱልሐሊም ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሰው የሚናገርበት ጣቢያ የለህም ወይ ልጄ አሉኝ። ጃዝ ነው፣ የሚያጫውተውም ጎረቤቴ ነው፣ አይስጉ አልኳቸው።

"ጎረቤትህ ካለ ለምን አይናገርም?" አሉኝ።

ወዲያው ከወልድያ በኩል የሚመጣ አይሱዙ መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ በእጁ ተመለስ አለኝ፤ ለካ እሱም ሬዲዮውን ሰምቶ ነው። እኔ፣ ከይርጋ ጋር ግድግዳ የምጋራው ሰው፣ መኪናዬን አዙሬ ወደ መርሳ ፈረጠጥኩ።

መርሳ ስንደርስ ግማሹ ሱቅ ተዘግቷል፤ እኛን ሲያዩ የቀሩትም ዘጉ። ወልድያ ደግሞ ከመርሳ መኪና ቀረ ብሎ ዘጋ። አቶ ገዛኸኝ ስቱዲዮ ሮጠው ገብተው ሙዚቃዋን ከወገቧ ቆረጧት። ይርጋ ማይኩን ከፍቶ አገር ሰላም መሆኑን ተናገረ። ድምፁ በንዴት ስለተንቀጠቀጠ ግን ሰው ሁሉ ተገዶ ነው አለ፤ ከተማው እስከ ማግስቱ አልተከፈተም። ይርጋ ራሱ በዚያ ባዶ ጎዳና ወደ ቤቱ ሲመጣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ነው የመጣው፤ ምናልባት እውነት የሆነ ነገር ቢኖርስ ብሎ።

አቶ ገዛኸኝ ፕሮግራሙን አልዘጉትም። ቢዘጉት ይሻል ነበር። ይልቅስ በየመሃሉ ሙዚቃውን ዝቅ እያደረገ "ውድ አድማጮቻችን፣ ሰላም ነው፤ ሙዚቃ ነው" እንዲል አዘዙት። መጀመሪያ ተውኩት ሊላቸው ነበር፤ ግን በዚህ ከተማ የእኔ የሚላት ነገር ያቺው ግማሽ ሰዓት ናት። እሺ አለ።

ከዚያ ወዲህ ሳክስፎኑ ገና ሲጀምር ይርጋ ሰላም ነው ይላል፤ ከበሮው ሊናገር ሲል ሙዚቃ ነው ይላል። በገዛ ድምፁ የገዛ ሙዚቃውን ያርዳል። ሕዝቡ ደግሞ ወደደው! ልጅ ትምህርት ቤት የላከ፣ ባል መንገድ የወጣባት፣ ዕቃ የጫነ ሁሉ ሐሙስ ከሰዓትን ይጠብቅ ጀመር። አንዱ ደውሎ ሙዚቃው አጠር ብሎ ሰላም ነው የምትለዋ ብትበዛ ብሎ ሐሳብ ሰጠ። የግቢያችን ልጆች ገመድ ሲዘሉ በእሷ ነው የሚቆጥሩት። ይርጋ በመሃላቸው ያልፋል፤ ገብቶ በሩን ይዘጋል። ያሳዝነኝ ነበር፤ ግን እኔም ብሆን ሳልሰማት መኪና አላስነሳም።

ባለፈው ግንቦት፣ አንድ ሐሙስ፣ መርሳ መናኸሪያ ወደ ወልድያ እየጫንኩ ነበር። ኑሪያ ማንጎዋን ላይ አስጭና ከኋላዬ ተቀምጣለች፤ ሼህ አብዱልሐሊምም አሉ። ይርጋ ያቺን ረጅሟን ሙዚቃ ስሟን ጠርቶ ለቀቃት። መኪናው ሞላ። ልወጣ ቁልፉን ስይዝ ኑሪያ ትከሻዬን ነካችኝ።

"ፍቅሩ፣ ሰላም ነው አላለም እኮ።"

አሁን ይላል አልኳት። ጠበቅን። ሳክስፎኑ ይዞራል፣ ይመለሳል፤ ይርጋ የለም። የሳቀ የለም፣ ዘፋኙ የት ነው ያለ የለም። ሼሁ አላህ ይጠብቀን አሉና አውርደን ልጄ አሉኝ። ሬዲዮውን አጠፋሁ፣ ሰው አወረድኩ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሾፌሮችም አወረዱ።

በዚያ ሰዓት ከወልድያ መውጫ መንገዱ ላይ ተኩስ ተከፍቶ ነበር። ማን በማን ላይ እንደተኮሰ ለማውራት አልተነሳሁም። ወጥተን ቢሆን ኖሮ መሃሉ ነበር የምንገባው። ኋላ እንደሰማሁት አቶ ገዛኸኝ ስቱዲዮው በር ላይ ሆነው፣ ሕዝቡን እንዳታሸብር፣ እንደወትሮህ በል እያሉ ይጮኹ ነበር። ይርጋ በሩን ከውስጥ ቆልፎ ማይኩን ሳይከፍት ሙዚቃዋን እስከ መጨረሻዋ ለቀቃት።

ፕሮግራሙ ተሰረዘ። ጥፋት ያለበት ሠራተኛ ዝውውር አይጠይቅም ተባለ። ማስታወቂያውን ግን ዛሬም እሱው ያነባል፤ ሕዝቡ ድምፁን ለምዶታልና።

መንገዱ ሲከፈት ወልድያ ገባሁ። ደጁ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ኑሪያ የላከችለትን ማንጎ ሰጠሁት። ሼህ አብዱልሐሊም ዝም ያለ አፉን አላህ ይባርክለት ማለታቸውን ነገርኩት። መናኸሪያው ሙሉ ሰው በእሱ እንደተረፈ ነገርኩት። ማንጎውን በእጁ እያገላበጠ ጨርሶ ሰማኝ።

"መጨረሻዋን ሰማሃት?" አለኝ።

መዋሸት አማረኝ። ግን ሰውዬው ቤቱ እንዴት ገባ ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?

"ሬዲዮውን አጠፋሁት፣ ይርጋ። ሰው እያወረድኩ ነበር።"

"ኑሪያስ?"

"ልጆቿን ልትሰበስብ ሮጠች።"

ማንጎውን አጠገቡ መሬት ላይ አስቀመጠው።

"እኔም አልሰማኋትም" አለ። "ጆሮዬ በሩ ላይ ነበር።"