በእግሩ የቆመው አውራ ዶሮ

ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ አንድ ነጋዴ የዶሮዎችን እግር አስሮ ቁልቁል አንጠልጥሏቸዋል። የበዓል ገበያ ነው። የላባው ሽታ ያደግኩበትን የቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አስታወሰኝ።

ልጅ ሳለሁ እናቴ ለፋሲካ የገዛችው አውራ ዶሮ ሁለቱንም እግሮቹን ገመድ እስከ አጥንቱ በልቶት ነበር። የብሎካችንን ዶሮ ሁሉ የሚያርዱት ጎረቤታችን አባባ ደምሴ አገላብጠው አዩትና፣ «ሰንካላ ዶሮ ለበዓል አላርድም። በእግሩ ከቆመ ጥሩኝ» አሉ።

ማስታመሙ ለእኔ ተሰጠ። በረንዳው ላይ ካርቶን ውስጥ አስተኝቼው ቁስሉን ለብ ባለ የጨው ውሃ አጥባለሁ፣ ቫዝሊን ቀብቼ በአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ እጠቀልላለሁ። ስንዴውን ከመዳፌ ሲለቅም ምንቃሩ ይኮረኩረኛል።

በሕማማት ሳምንት አንድ ጠዋት እየተንገዳገደ ተነሣና ጮኸ። ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ።

«አባባ፣ ቆመልዎት!»

«ጎበዝ፣ የኔ ልጅ» አሉና ራሴን ደባበሱኝ። «በይ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ።»

ነጋዴው፣ «እህት፣ የቱን ላውርድልሽ?» አለኝ።

«ቀዩን» አልኩት። «ግን መጀመሪያ ፈትተህ አቁመው እስኪ።»