ያልታጠበው ሰልባቲዮ

ግቢያችን ውስጥ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር፣ አንድ የሥጋ ማጨሻ ቆሟል። የተሠራው ከአሮጌ ጭነት መኪና የነዳጅ ሰልባቲዮ ነው። በር አለው፣ ውስጡ ሥጋ የሚሰቀልበት አራት ፌሮ ተበይዶበታል፣ ከላይ የጭስ መውጫ ቱቦ፣ ከሥር ደግሞ የወይራው ፍም የሚቀመጥበት አሮጌ ድስት አለው። ሥጋው ሲወጣ የቀመሰው ሁሉ ያደንቃል። ከዚያ አንዱ ዞር ብሎ ያየውና ይሄ ጎኑ ለምን አበጠ ይለኛል። ስገዛውም እንዲሁ ነበር እላለሁ። ውሸቴን ነው። ያበጠው በእኔ ምክንያት ነው፤ ለትንሽ ሰው ገድዬበት ነበር።

እኔ የደጋ ሰው ነኝ። መምህር ሆኜ ሸዋ ሮቢት ስመደብ ሙቀቱን እለምደዋለሁ ብዬ ነበር። ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ዛሬም ቀትር ላይ እንደ ሕፃን እነጫነጫለሁ። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ሙቀቱ በሥጋ ላይ የሚሠራው ሥራ ነው። እኛ አገር ቋንጣ ገመድ ላይ ሰቅለህ ትረሳዋለህ፤ ብርዱና ነፋሱ ያደርቀዋል። እዚህ ትሰቅለዋለህ፣ ዝንብ ይሰፍርበታል፣ በሁለተኛው ቀን ይሸታል። መብራቱም ደስ ባለው ሰዓት ስለሚሄድ ፍሪጃችን ከቁም ሳጥን አይለይም። አንድ ፋሲካ ላይ ከቅርጫ የደረሰንን ሥጋ ግማሹን ለውሻ ጣልነው። ባለቤቴ ሳህኑን ብቻ ሦስት ጊዜ አጠበችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ለሚመጣው ፋሲካ አንዲት ቁራጭ አትበላሽም ብዬ ማልኩላት።

ማጨሻ የሚባለውን ነገር ያየሁት ስልክ ላይ ነው። የሆነ ሰው ከብረት ጋን ሠርቶ ሥጋውን በጭስ ሲያደርቅ አየሁና ይሄማ የኔ ነው፣ ከአሮጌ ሰልባቲዮ እሠራዋለሁ አልኩ። የቅርጫ ጓደኞቼ ሳቁብኝ። ባለቤቴም ሥጋውን ናፍጣ ልታጠጣው ነው ወይ ብላ አሾፈች። እኔ ደግሞ ሲሳቅብኝ የባሰ እልህ የሚይዘኝ ሰው ነኝ። ጀውሃ ድረስ ሄጄ፣ አሮጌ መኪና እየፈታታ ከሚሸጥ ሰውዬ አንድ ሰልባቲዮ ገዛሁ። ወፍራም ብረት ነው፤ ዝገቱ ላይ ላዩን ነው። ናፍጣ ብቻ ነው የገባበት አለኝ። አፉን ስከፍተው አፍንጫዬን የመታኝ ግን ቤንዚን ነው። ከመኪናው ከወረደ በኋላ ቤንዚን ያስቀመጠበት ሰው አለ ማለት ነው። ነገሩን አልገፋሁበትም፤ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ መጣሁ።

ከተማው ውስጥ ለእንዲህ ያለ ሥራ የማምናቸው አንድ በያጅ አሉ። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ይጠጋል፣ እዚሁ ይፋት ተወልደው ያደጉ ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ልጆቻቸውን በሙሉ አስተምሬያለሁ፤ ቤታቸውና የሥራ ቦታቸው አንድ ግቢ ስለሆነ ብዙ ቅዳሜ ከሰዓት እዚያ ተቀምጬ ሲበይዱ እያየሁ አሳልፌያለሁ። ሙስሊም ናቸውና ከዚህ ማጨሻ አንዲት ጉርሻ አይቀምሱም፤ የእኛ ቅርጫ የክርስቲያን ሥጋ ነው። ይህን እያወቁ ነው ሥራውን በደስታ የተቀበሉኝ። ብቻ ለበዓልህ ይድረስልህ አሉኝ።

አንድ ሕግ ግን አላቸው። ነዳጅ የገባበትን ዕቃ ዝም ብለው አይቆርጡም። ነዳጁ ቢደፋም ሽታው ውስጡ ይቀራል፣ ሽታው ደግሞ ከነዳጁ ይብሳል፤ አንዲት ብልጭታ ከገባች በቃ። ስለዚህ ባለቤቱ አፉ ድረስ በውሃ ሞልቶ ያሳድረዋል፤ በማግስቱ ይደፋና እንደገና ይሞላዋል። ሲያመጣው እሳቸው በረጅም ፌሮ ጫፍ ላይ ጨርቅ ያስራሉ፣ ይለኩሱታል፣ ከግድግዳ ኋላ ሆነው ወደ አፉ ይሰዱታል። ዝም ካለ ይቆርጣሉ። በልጅነታቸው አጣዬ ከተማ አብሯቸው ሙያውን የተማረ ጓደኛቸው አንድ በርሜል ሳይፈትሽ እንደቆረጠ ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ይህን ያስረዱኝ ረቡዕ ዕለት ነው፤ እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ እያልኩ ሰማሁ።

ውሃ ከየት ይምጣ? በእኛ ሰፈር የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ በዚያ ሳምንት ደግሞ ጭራሹን ጠፋ። ቤት ያለው ሁለት ጄሪካን ብቻ ነው፤ እሱንም ባለቤቴ ለዶሮው ነው፣ እንዳትነካብኝ ብላለች። ታዲያ ሰው ለመጠጥ ያጣውን ውሃ በየቤቱ እየዞርኩ ለብረት ማጠቢያ ስጡኝ ልበል? መምህሩ አበደ ይሉኛል። አርብ ከሰዓት አንድ ጣሳ ውሃና ዱቄት ሳሙና ጨመርኩበት፣ አገላበጥኩት፣ ደፋሁት። ከዚያ አፉን ከፍቼ ፀሐይ ላይ ተውኩት። በሮቢት ፀሐይ የማይተን ነገር የለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ቅዳሜ ጠዋት አፍንጫዬን ሳስጠጋ ሽታው አለ። ቀንሷል አልኩ። አለመቀነሱን አውቄዋለሁ።

ያን ዕለት ከሰዓት በጋሪ ወሰድኩት። በሬው ታስሯል፤ ነገ ማለዳ ይታረዳል። ጋሼ ፌሮውን አዘጋጅተው፣ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠምጥመው ነበር የጠበቁኝ።

“ሞልተህ አሳደርከው?” አሉኝ።

“ሁለት ጊዜ፣” አልኩ።

አፌ እንዴት እንደቀለለኝ! ጋሼ ፌሮውን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ፌሮውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት። መምህር ካለማ አለቀ አሉ። ይሉኝታ ያዛቸው፤ እኔ ቆሜ እያየሁ መፈተሽ ውሸታም ነህ ማለት ሆነባቸው። የገዛ ወንድማቸው ቢያመጣው ይፈትሹ ነበር፤ እኔን ግን አከበሩኝ። ይፈትሹት ጋሼ፣ ግዴለም ማለት እችል ነበር። ሦስት ቃል ነው። አላልኩም። ሲፈትሹ ቢፈነዳ ውሸቴ ይወጣል፤ ሳይፈተሽ በሰላም ከተቆረጠ ግን ማንም አያውቅብኝም። እንዲህ ነበር ያሰብኩት፤ ምን ያደርጋል ደብቄው።

ከትምህርት ቤት ባመጣሁት ጠመኔ የበሩን መስመር አሰመርን። የሰልባቲዮው ክዳን ጠፍቶ አፉን በጨርቅ ወትፌው ነበር። ጋሼ በቅሎ ላይ እንደሚወጣ ሰው ተቀመጡበት፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ቢስሚላህ አሉና የብረት መቁረጫ ግራይንደራቸውን አስነሱት።

አሠራራቸውን አውቀዋለሁ። በመጀመሪያው ዙር መስመሩን ይጭሩታል እንጂ ብረቱን አይበሱትም። በሁለተኛው ዙር ነው ዲስኩን የሚያሰርጉት። አራት መስመር ነው፤ ጊዜ አለኝ እያልኩ ቆሜ አያለሁ። አንደኛው መስመር አለቀ። ብልጭታው እየተስፈነጠረ ከአፉ ስንዝር በማይሞላ ቦታ ላይ ይወድቃል። ሁለተኛው አለቀ። አንዷ ብልጭታ ዘላ ጨርቁ ላይ አረፈች፣ ትንሽ አጠቆረችውና ጠፋች። ጋሼ ግን ጭራሽ ያንጎራጉራሉ።

ወደ ኋላ እየሸሸሁ መሆኔን ያወቅሁት ጀርባዬ ግድግዳውን ሲነካ ነው። አስቡት እንግዲህ፤ እኔ አሥር እርምጃ ርቄያለሁ፣ እሳቸው ላዩ ላይ ተቀምጠዋል። የልጆቻቸው ፊት መጣብኝ፤ እያንዳንዳቸው የት ወንበር ላይ ይቀመጡ እንደነበር ሁሉ ታየኝ። ጋሼ ብዬ ተጣራሁ። በግራይንደሩ ጩኸት ማን ይሰማል? እውነቱን ለመናገር እኔም እንዲሰማ አድርጌ አልጠራሁም፤ ግማሹን ዋጥኩት። ሦስተኛው አለቀ። አራተኛውም አለቀ። ጋሼ ወደ መጀመሪያው ማዕዘን ተመለሱ፣ ጎንበስ አሉ፣ ዲስኩን ቀጥ አድርገው ያዙ። ያኔ እግሬ ቀደመኝ። ሮጬ ሶኬቱን ነቀልኩት።

ዲስኩ እያፏጨ ቆመ። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉ።

“መብራት ሄደ እንዴ?”

“ሄደ መሰለኝ፣” አልኩ።

ዛሬም ሳስበው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ያሰኘኛል። ሶኬቱን ነቅዬ እንኳ ውሸቱ አለቀቀኝም። ከአጥሩ ማዶ ወፍጮ ቤቱ እያጓራ ነው። ጋሼ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ወፍጮውን ሰሙ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እጄ አዩ። ሶኬቱ እጄ ላይ ነው።

“ውሃ አልሞላሁትም ጋሼ፣” አልኩ። “አንድ ጣሳ ብቻ ነው ያዞርኩበት።”

ጋሼ መጀመሪያ አንድ እግራቸውን አነሱ፣ ከዚያ ሌላውን፤ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃባቸው የሚጠነቀቁ ይመስል ነበር አወራረዳቸው። አጠገቤ መጥተው ግራይንደሩን ዘረጉልኝ።

“እንካ። የቀረውን አንተ ቁረጠው።”

እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅሁ። አስቤበት አይደለም፤ እጄ ራሱ ሸሸ። ጋሼ አዩት።

“ለእኔ ሲሆን ግን አስችሎህ ነበር፣” አሉ።

ድምፃቸውን ከፍ እንኳ አላደረጉም። በሕይወቴ ብዙ ተሰድቤያለሁ፣ በርእሰ መምህር፣ በወላጅ፣ በገዛ ወንድሜ፤ እንዲህ አጥንቴ ውስጥ የገባ ነገር ግን ሰምቼ አላውቅም። ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር፤ አፍሬ መልሼ ዋጥኩት።

ሂድና ጨርቁን ንቀል አሉኝ። ሄድኩ። ጨርቁን ስስበው ሽታው እንዳለ ወጣ፤ ዓይኔን አቃጠለኝ። ተመልሼ ከብሎኬቱ ግድግዳ ኋላ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ጋሼ ፌሮው ጫፍ ላይ ያለውን ጨርቅ ለኮሱና ክንዳቸውን ብቻ አውጥተው ወደ ሰልባቲዮው አፍ ሰደዱት።

መጀመሪያ የተሰማኝ መሬቱ ነው። ድምፁ ከዚያ በኋላ መጣ። ከአፉ ክንድ የሚያክል ሰማያዊ እሳት ወጥቶ ጠፋ፤ ሰልባቲዮው ዘለለና ተመልሶ ወደቀ። ከቆርቆሮው ጣሪያ የዓመት አቧራ ወረደብን። ብቅ ብለን ስናይ ጋሼ ተቀምጠውበት የነበረው ጎን እንደ እርጉዝ ሆድ አብጧል፤ ጠርዙ ላይ ያለው ብየዳ ጣት በሚያስገባ ልክ ተተርትሯል። ሁለታችንም ያንን ቦታ እያየን ቆምን።

ባለቤታቸው እየሮጡ ከቤት ወጡ። እጃቸው ሊጥ ነው፣ ሻሻቸው ወልቋል። የጋሼን ፊት፣ ደረት፣ ክንድ እየዳሰሱ ሊጥ በሊጥ አደረጓቸው፤ አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ ይላሉ። ጋሼ እጃቸውን ይዘው አረጋጓቸው። ምንም አይደለም፣ ስንፈትሸው ነው የፈነዳው፣ እኔ ነኝ ቸኩዬ ሳልፈትሽ የጀመርኩት አሉ። የእኔን ነገር አላነሱም። ዝም ብል እዚያው ያልቅ ነበር። ይሄኛውን ዝምታ ግን መሸከም አቃተኝ።

“እኔ ነኝ እትዬ፣” አልኩ። “ውሃ ሞልቼ አሳድሬዋለሁ ብዬ ዋሸኋቸው። ውሃ ጠፍቶብኝ ነው።”

ስድብ ጠበቅሁ፤ እንዲያውም ፈለግሁት። እትዬ ግን ነገሩ እንዳልገባቸው ሁሉ አዩኝ። ከዚያ ሊጥ በያዘ እጃቸው ከቤቱ ጎን ያለውን ጥቁር ሮቶ አሳዩኝ።

“ያ ሙሉ ነው እኮ፣” አሉ። “ውሃ ነው የቸገረህ? ብትለኝ እከለክልህ ነበር?”

መልሴን ሳይጠብቁ ገብተው እጃቸውን ታጠቡና ጄሪካን ይዘው መጡ። የመጀመሪያውን ቀድተው ራሳቸው ሊሸከሙ ሲሉ ከእጃቸው ወሰድኩት። ጋሼ የተተረተረውን ጎን ወደ ላይ አድርገው ሰልባቲዮውን አጋደሙት። እኔ ከሮቶው እየቀዳሁ ተመላለስኩ። አፉ ድረስ ሲሞላ ለሽታው ቦታ አልቀረም፤ ጋሼ ሄደው ሶኬቱን ራሳቸው ሰኩት። ስቆጥር ነበር፤ የፈጀው ሰባት ጄሪካን ነው።