የአያ ኑሩ ኢሕራም

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከማራኪ ሰፈር ደወለችልኝ። አዲሱ የልብስ ማጠቢያዋ የባሏን ነጭ ሸሚዝ ቡናማ ነጠብጣብ አድርጎ አውጥቶባታል። እንዲሁ ልትነጫነጭ ነበር የደወለችው፤ እኔ ግን ወሬዋን ሳላስጨርሳት ሎሚ አስነክታው እንደሆነ ጠየቅኳት። አላስነካችም። እንግዲያው እንዳታስነኪው፣ መጀመሪያ ከማሽኑ በር ጎማ ስር ጣትሽን ከተሽ ዳብሺ ብዬ ዘጋሁባት። 

እኛ ቤት ማሽን የገባው እኔ ትምህርት ጨርሼ ሥራ ፈት በነበርኩበት ጊዜ ነው። እህቴ ዘሃራ ከጅዳ ላከችው። አዲስ ዓለም ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር ገና ብርቅ ስለነበር ጎረቤቱ ሁሉ ተራ በተራ መጥቶ ልብስ ሲሽከረከር አየ። መመሪያው በአረብኛ ነው የተጻፈው። አባዬ መነጽሩን አድርጎ ሊያነበው ተቀመጠ፤ የቁርኣኑን አረብኛ እንጂ የሞተሩን አረብኛ እንደማያውቅ እስኪያምን ድረስ ሻዩ ቀዘቀዘ።

ችግሩ ውሃ ነው። የጎንደር ውሃ በፈረቃ ነው የምትመጣው፤ በጋው ሲጠና ደግሞ ፈረቃውም ይረሳል። ያን ጊዜ ማሽኑ ቁም ሳጥን ይሆናል። በሩ ግጥም ብሎ ስለሚዘጋ አይጥም አቧራም አይገባበት። ስኳሩ፣ የረመዳን ቴምሩ፣ የእንግዳው ብርጭቆ፣ ከልጆች ዓይን መሰወር ያለበት ሁሉ እዚያ ነበር የሚቀመጠው። ውሃ መጣች ሲባል ሁላችንም እየሮጥን የየድርሻችንን እናወጣለን።

በዚያ ዓመት አባዬ ለሁለተኛ ጊዜ ሐጅ ሊሄድ ነበር፤ ይሄኛው ግን ለራሱ አይደለም። ታላቅ ወንድሙ አያ ኑሩ ሸማኔ ነበር። አንድ ቀን መካ እሄድበታለሁ ብሎ ጥለት የሌለው፣ መርፌ ያልነካው ሁለት ነጭ ኩታ ሠርቶ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠ። ፈትሉን የፈተለችው ሚስቱ እትዬ ሐሊማ ናት። ሳይሄድ ሞተ። አባዬ ሐጁን ሊያደርግለት፣ ያውም እሱ በሠራው ኢሕራም፣ በዚያ ባልተሰፋ የሐጅ ልብስ፣ ሊያደርግለት ቃል ገባ። ልጅ አልነበራቸውምና እትዬ ሐሊማ ከቀብሩ በኋላ እኛ ዘንድ መጣች። ዝም ያለች ሴት ነበረች፤ ቤቱ ውስጥ መኖሯ የሚታወቀው በምትሠራው ሥራ ነው።

አባዬ ሊነሳ ጥቂት ቀን ሲቀረው ውሃ መጣች። ኩታዎቹ የሳጥን እርጥበት ሸተዋል፣ መታጠብ አለባቸው። እማዬ መጀመሪያ የትራስ ልብስ በሙቅ ብታጥብ ቡናማ ነጥብ ይዞ ወጣ። ጠፍታ የመጣች ውሃ ደፍርሳ ነው አለች። ውሃ የምናጠራቅምበትን በርሜል ደፍተን፣ አሸዋ ባለው ጨርቅ ፈትገን፣ የጠራ ውሃ እስኪመጣ ጠብቀን እንደገና ሞላን። ከዚያ አንድ ነጭ ቡትቶ በቀዝቃዛ ውሃ ሞከርን፤ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ወጣ። እማዬ ተንፈስ አለች። ኢሕራሙን ግን ሽታው እንዲለቅ ብላ በሙቅ አጠበችው።

በሩን ስከፍት ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳም። አንደኛው ኩታ ከጫፉ ወደ መሀሉ ተዥጎርጉሯል። እማዬ ኩታውን ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ዘረጋችው፣ ሎሚ አስገመሰችኝና እየጨመቀች ታሸው ጀመር። ዝገትን ሎሚ እንደሚያስለቅቅ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ዝገት ቢሆን ኖሮ ይገረጣ ነበር። ይሄ ግን እያየነው ቀላ። እማዬ ባሸችው ቁጥር ባሰበት፤ ቡናማው ወደ ብርቱካን፣ ብርቱካኑ ወደ ቀይ ሄደ። አባዬ ከፒያሳ ሱቁን ዘግቶ የሚመጣበት ሰዓት እየደረሰ ነበር።

እትዬ ሐሊማ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቢላዋውን አስቀምጣ መጣች፣ ጎንበስ ብላ ኩታውን አሸተተችው።

"ዝገት አይደለም" አለች። "ሎሚ ሲያገኘው የሚቀላ ሂና ነው። የእኔ ሂና ነው።"

ዘሃራ ከማሽኑ ጋር ልካላት ነበር፣ ለዒድ እጇን እንድትቀባበት። ዒዱ ሳይደርስ አያ ኑሩ ሞተ። ልትቀባው አልፈለገችም፣ ልትጥለውም አልቻለችም፤ ማሽኑ ውስጥ አኖረችው። ውሃ መጣች ሲባል ሮጣ ስታወጣው የከረጢቱን ቀዳዳ አላየችም። እኔ ሄጄ ከጎማው ስር ጣቴን ብከት አረንጓዴ ጭቃ ይዞ ወጣ፤ ቀዝቃዛው ውሃ ያላስለቀቀውን ቀለም ሙቁ አስለቅቆታል።

"ምነው ሐሊማ? ምነው ብትነግሪኝ?" አለች እማዬ።  እትዬ ሐሊማ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች።

አባዬ ገባ፣ አየ፣ ሰማ። ሳይቀመጥ ወደ መስጊድ ሄደ። ለሱ ሌላ ኢሕራም መግዛት ቀላል ነው፤ ለወንድሙ የገባው ቃል ግን በዚህ ኩታ ነው። ሼሁን ጠይቆ ሲመለስ የምሽቱ ሶላት፣ መግሪብ፣ ተሰግዷል። ቀለሙ ነጃሳ፣ ማለትም ርኩስ፣ አይደለም ብለውታል፤ ነጩ ይመረጣል እንጂ። ሽታው ካለ ግን አይሆንም፣ ኢሕራም የገባ ሰው ሽቶ አይነካምና።

እትዬ ሐሊማ ማንም እንዲያግዛት አልፈቀደችም። በማግስቱ ከጠዋት ጀምሮ በእጇ አጠበችው፣ አለቀለቀችው፣ አሰጣችው፣ አሸተተችው፣ እንደገና አጠበችው። ቀዩ ወደ ፈዛዛ ቡናማ ተመለሰ፣ ከዚያ በኋላ ግን ንቅንቅ አላለም። ሲደርቅ ለአባዬ ሰጠችው። አባዬ ፊቱን ኩታው ውስጥ ቀብሮ ቆየ።  ቀና ሲል ዓይኑ እርጥብ ነበር።

"አይሸትም" አለ። አጥፎም ቦርሳው ውስጥ ከተተውና ወደ እትዬ ሐሊማ ዞረ። "ኑሩ መች ብቻውን ሊሄድ አስቦ ያውቃል? ሁለታችሁንም ይዤ ነው የምሄደው።"

ከመካ ሲመለስ ያንን ኩታ በተባረከው የዘምዘም ውሃ አጥቦ ለእሷ ሰጣት። ለከፈኔ፣ ለመገነዣዬ፣ ብላ አስቀመጠችው፣ ለብዙ ዓመት። ሞታ ስናጥባት እኔም ከሴቶቹ ጋር ነበርኩ። ስንከፍናት ቡናማው ምልክት በቀኝ እጇ ላይ አረፈ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሂና ያልነካው እጇ ላይ። ማናችንም አላዞርነውም።

ልጄ ማታ መልሳ ደወለች። ከጎማው ስር የዛገ የፀጉር መርፌ አግኝታለች። ዝገት ከሆነ በሎሚ ይለቃል አልኳት፤ ደስ ብሏት ሳቀች። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ለእትዬ ሐሊማ አለቀስኩ።